እማዬ ስትቸኩል ማን ሞተ?

ዛሬ ጠዋት ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ እማዬን ፍለጋ እንደ እብድ ሮጥኩ።

ስድሳ አራት ዓመቷ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመረች ቆይታለች። (ጻፊው ብላኛለች፤ አትቆጡኝ።) ሰሞኑን መርሳት ስታበዛ ነርሷ፣ "መድኃኒቱን ሳያቋርጡ በየቀኑ ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ ለማስታወስም ይረዳል" አለቻት።

ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትመለሳለች። ዛሬ ሦስት ሰዓት ሆነ። መንገዱ ጠፍቷት ይሆን?

ከከተማው መውጫ ላይ አገኘኋት። ሦስት ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከበዋታል። ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

ለካ በኛ አገር ትልቅ ሴት በጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ከቸኮለች ለቅሶ አለ ማለት ነው! ተከትለዋት መጥተው አላሳልፍ ብለው "ማን ሞቶ ነው? ንገሪን እንጂ!" ይሏታል። አንዷማ ሟቹን ሳታውቅ ማልቀስ ጀምራለች።

እማዬ አንድ በአንድ አየቻቸው። ስንት ዓመት የደበቀችው ነገር ነው።

"ማንም አልሞተም" አለች። "ቫይረሱ በደሜ አለ። የምራመደው እናንተን እንዳልረሳ ነው።"

ስታለቅስ የነበረችው ነጠላዋን ገልብጣ አስተካከለችና፣ "ነገስ በስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?" አለቻት።

የናንተ እናቶችስ ይራመዳሉ? የሰፈሩ ሰው ምን ይላቸዋል?