ስድስት የአፍ መሸፈኛ

በቀደም ሶዶ ገበያ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ ሲገጣጥም ቆሜ አየሁት። የስፌት መኪናው ዘይት ሽታ ከሃያ ዓመት በፊት ከቤተሰቤ ጋር ወደኖርንባት ትንሽ ከተማ ወደ ጉኑኖ መለሰኝ።

ጎረቤታችን ሲስተር አማረች የጤና ጣቢያ ነርስ ነበሩ። ከሥራ መልስ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየቀጣጠሉ ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። ሳንባ ነቀርሳ ሰፈራችንን ባዳረሰበት ክረምት ግን ያንን ትተው ከአንድ ሰማያዊ አንሶላ ስድስት የአፍ መሸፈኛ ሰፉልን። ቤታችን ውስጥ የምንኖረውም ስድስት ነበርን።

«ከኛ ማን ታሞ ነው ሲስተር?» አልኳቸው።

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «ሁላችሁም ካደረጋችሁት ጎረቤት ማንን እንደሚሸሽ አያውቅም።»

«ለኔ ብቻ ይንገሩኝ።»

«አንቺ ካወቅሽ አብረሽ መብላት ትፈሪያለሽ። መድኃኒቱ ተጀምሯል፤ ይኼ ይበቃሻል።»

እኔን ግን አልበቃኝም። አባዬ ሲያስል ከበር ጀርባ ሆኜ አዳምጣለሁ። ታላቅ እህቴ ከስታ ቀሚሷ ሰፍቷት እንደሆነ አያለሁ። እማዬ በየማለዳው «ቫይታሚን ነው» እያለች ለእያንዳንዳችን ክኒን ታድላለች፤ የማን ክኒን እንደሚለይ ለማየት አንገቴን ሳሰግግ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ማታ ስድስታችንም ከአንድ ትሪ ጎደሬ እንበላለን።

በቀደም ከገበያው በቀጥታ እማዬ ዘንድ ሄጄ ያን ክረምት የታመመው ማን እንደነበር ጠየቅኳት።

«ሁሉም ድኖ የለም እንዴ?» ብላ ወሬ ቀየረች።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ታወሰኝ። ያን ክረምት እኔም አስል ነበር። የሌላውን ሳል ሳዳምጥ የራሴን አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬው አላውቅም።