ወንድሜ በገዛ እጁ የበላ ለታ

ማሾ፣ ያ አረንጓዴው የቆላ ጥራጥሬ፣ ሲቀቀል የሚወጣው ያ አፈር አፈር የሚል ሽታ ዛሬም ከጎረቤት ሲመጣብኝ መስኮቴን እዘጋለሁ። ቅናት ነው፤ ምን እደብቃለሁ።

እናታችን ስትሞት ወንድሜ ጡት ከጣለ ገና ብዙም አልቆየም ነበር። አባቴ ሽንኩርት እየጫነ ደሴ ሲመላለስ፣ ልጁን የማበላው እኔ ነበርኩ። ሸዋ ሮቢት ቀትር ላይ ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል፤ እኔ ሳህን ይዤ ከኒሙ ዛፍ ጥላ እስከ አጥሩ እከተለዋለሁ። "ባጃጇ መጣች፣ አፍህን ክፈት" እለዋለሁ። ባጃጇን ሊያይ ዞሮ አፉን ሲከፍት አጎርሰዋለሁ። ከኔ እጅ በቀር የማንንም አይቀበልም። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እኔም እኮራበት ነበር።

ኋላ አባቴ ከአጣዬ ሚስት አገባ። እንጀራ እናቴ ዝምተኛ ሴት ነበረች። በመጣች በሳምንቱ ምንጣፍ አንጥፋ ትሪውን መሃል አስቀመጠች፣ የሁላችንንም እጅ አስታጠበች፣ ወንድሜን ከጎኗ አድርጋ ከፊቱ ትንሽ የማሾ ወጥ አወጣችለት። እሱ ወዲያው ተነስቶ ሮጠ። ሳህን ይዤ ልከተለው ስል ከለከለችኝ፤ ሲርበው ራሱ ይመጣል አለች። አልለመነችውም፣ አልተቆጣችውም። "ቢስሚላህ" ብላ በላች፣ ስትጨርስ ትሪውን አነሳች፣ እስከ እራት ድረስ ሙዝ እንኳ አልሰጠችውም። እያለቀሰ መጥቶ ቀሚሴን ሲይዝ ደስ አለኝ። አይሳካላትም አልኩ በልቤ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ትሪውን ከበው አገኘኋቸው። ወንድሜ በገዛ ጣቶቹ እየቆረሰ፣ ከፊቱ ብቻ እያነሳ ይበላል። አገጩ ወጥ በወጥ ሆኗል። ቀና ብሎ አየኝና፣

"እታለም፣ ራሴ" አለኝ።

መንገዱ ላይ ባጃጅ እየተንጫጫ አለፈ፤ ወንድሜ ዞሮም አላየው።

በሩ ላይ እንደቆምኩ እንጀራ እናቴን ጠላኋት፤ እናቴ ትታልኝ የሄደችውን የቀማችኝ መሰለኝ። አልራበኝም ብዬ ልወጣ ስል ማንቆርቆሪያውን ይዛ ተነሳች። ውሃው እጄ ላይ እየወረደ ሳለ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"አንቺስ ልጄ፣ ቁጭ ብለሽ ከበላሽ ስንት ጊዜሽ ነው?" አለችኝ።

ወንድሜ ያስተረፈውን ቆሜ እየበላሁ እንደኖርኩ ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ከጎኗ ተቀመጥኩና እንባዬን በክንዴ እየጠረግሁ እስክጠግብ በላሁ።

ወንድሜ ዛሬ የልጆች አባት ነው። እንጀራ እናታችንን "እማ" ይላታል። ከዚያን ለታ ወዲህ ግን አንድም ቀን "አጉርሺኝ" ብሎኝ አያውቅም።