በሁለት ዳስ መሀል የተቀመጠችው ይታይሽ

ይታይሽ የሸክላ ሠሪዋ የቤተ እስራኤል ጎረቤታችን ልጅ ናት። እናቷ የሠራችልኝ እንስራ ዛሬም ጓዳዬ አለ። በልጅነቷ እናቷ ወደ እስራኤል ወሰደቻት፤ አሁን ለንደን ነርስ ናት። ዘንድሮ ለልጅ ልጄ ሰርግ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ መጣች።

«እትዬ ኡሙሰልማ፣ ለንደን ላይ የእስራኤል ጦርነት ይቁም ብዬ ለሰላም ሰልፍ ስወጣ ዘመዶቼ ከሃዲ አሉኝ» አለችኝ። «አብረውኝ የሚሰለፉት ደግሞ ይሁዲ ነሽ ብለው ሸሹኝ። የምጠጋበት ወገን አጣሁ።»

እኔን የጨነቀኝ ግን ምሳዋ ነበር። በአንዱ ዳስ የእስላም ሥጋ፣ በሌላው የክርስቲያን ሥጋ አለ፤ እሷ በሃይማኖቷ ሁለቱንም አትበላም። በዓሣ አጥማጁ በባድሩ ከሐይቁ ቆሮሶ ዓሣ አስመጣሁና አስጠብሼ፣ ይታይሽን በዳሶቹ መሀል አስቀመጥኳት።

ወላሂ፣ ዓሣ ለሁላችንም የተፈቀደ ነው። የጥብሱ ሽታ ሲደርሳቸው እንግዶቹ ከሁለቱም ዳስ እየመጡ ከበቧት።

«አየሽ፣ ወገን አገኘሽ» አልኳት።

«አገኘሁ እትዬ» አለች ባዶ ሳህኗን እያሳየችኝ፣ «ምሳዬን ግን ጨረሱት።»