የእትዬ ብርቄ ጉድጓድና የእኔ ባህር ዛፍ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባሌ፣ አፈሩ ይቅለለውና፣ ሳያውቅ ሞተ። ለነፍስ አባቴ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መግደፌን ሁሉ እናዘዛለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና ቃሌ ቢጣመም አትፍረዱብኝ። በሥራዬ ግን ፍረዱብኝ። ዛፉን የተከልኩት እኔ ነኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። አራስ ያስባረርኩትም እኔው ነኝ።

አቃቂ በሰቃ ከእትዬ ብርቄ ጋር አጥር እንጋራ ነበር። ባለቤታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ሳይሞቱ በፊት ጥሩ ሽንት ቤት አሠሩ። ጉድጓዱ በሲሚንቶ የተገነባ ነው፤ የሚተርፈው ውሃ በተበሳሳ ቱቦ እስከ እኛ አጥር ጥግ ይመጣና በጠጠር ውስጥ መሬት ይሰርጋል። ግንበኛው ሲጨርስ ሁላችንንም ሰብስቦ እንዲህ አለ፦ «እዚህ ላይ ሣር ብቻ ነው። ዛፍ ያማረው ሰው የዛፉን ቁመት ያህል ርቆ ይትከል። ባህር ዛፍማ አይታሰብም፤ ውሃ ያለበትን አሽትቶ ነው የሚሄደው።» በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም አልልም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ቀበሌ ይዞታ ሊለካ ነው ተባለ። በሰፈራችን ደግሞ ለኪ ከሰው ይልቅ ዛፍ ያምናል ይባል ነበር። አጥር ዛሬም ይታጠራል፤ ዛፍ ግን ዕድሜ አለው። እትዬ ብርቄ ለእህታቸው ለቅሶ ደብረ ዘይት በሄዱበት ሳምንት አጥሩን አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ገፋሁና በዳሩ ሦስት የባህር ዛፍ ችግኝ ተከልኩ። ጎረቤቴ እያለቀሱ እኔ መሬት እቆፍር ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሲመለሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው አዩት።

«የሰላም እናት፣ ይኼ ደግሞ ምንድነው? ግንበኛው ያለውን ረሳሽው?»

«ኧረ እትዬ፣ የባህር ዛፍ ሥር ቁልቁል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም። ሽታውንም ያስታግስልናል።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉኝ። አጥሩንም አይተውታል፤ እሱን ግን አላነሱብኝም።

ዛፎቹ ተመዘዙ። በበጋ የሰፈሩ ቅጠል ሲጠወልግ የእኔዎቹ ይለመልማሉ። አንድ ጣሳ ውሃ አፍስሼባቸው አላውቅም። ከየት እንደሚጠጡ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር።

የእትዬ ብርቄን የጓሮ ክፍል የተከራየችው ዘነበች የምትባል ልጅ ነበረች። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ ለጠያቂዎች ሻይ ትሸጣለች። ባሏ ለሥራ ብሎ ሁመራ እንደሄደ ቀርቷል። እርጉዝ ሆና ገባች፤ ክረምት ሲገባ ወንድ ልጅ ወለደች።

በዚያው ሰሞን ጉድጓዱ ገነፈለ። ቆሻሻው ግቢውን አልፎ የአራሷ ደጃፍ ደረሰ። እትዬ ብርቄ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወጡ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ያላስቸገረኝ ጉድጓድ ዛሬ ምን ነካው? ማነው ጨርቅ የከተተበት?»

ጨርቅ የሚበዛው አራስ ቤት ነው። ሁሉም ወደ ዘነበች በር ዞረ። እሳቸው ግን ፈራጅ ሴት አልነበሩምና ወደ እኔ ዞሩ። «የሰላም እናት፣ አንቺ ከወዲያ ሆነሽ ታያለሽ። አይተሻል?»

ዛፎቼ ከራሴ በላይ ይንሿሿሉ። «ጨርቅ ይዛ ሽንት ቤት ስትገባ አይቻታለሁ» አልኩ። እትዬ ብርቄ ክፍሉን እንድትለቅ ነገሯት።

ዘነበች ልጇን እንዳቀፈች አጥሩ ድረስ መጣች። አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። «እትዬ፣ እርስዎስ ወላድ አይደሉም?» አለችኝ። የልጁ አርባ ሳይደርስ፣ በዝናብ፣ ፍራሿን ጋሪ ላይ ጭና፣ ሕፃኑን ላስቲክ አልብሳ ወጣች። በመስኮት አየኋት። የራሴ ልጅ ሰላም ጉልበቴ ላይ ተኝታ ነበር።

በጋ ሲሆን ቱቦውን የሚከፍት ሠራተኛ መጣ። እትዬ ብርቄ ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ እኔ ቆሜ አሠራሁ። ሰውዬው ክንዱን አስገብቶ ረጅም፣ ጥቁር፣ ፀጉራም ነገር ጎተተ።

«እህቴ፣ ጨርቅ ብላችሁኝ ነበር፤ ይኼ የፈረስ ጭራ ነው እንዴ?» ሳቀና ቀና ብሎ ዛፎቼን አየ።

«አንተ ሥራህን ሥራ፤ ለእሳቸው እኔ እነግራለሁ» አልኩት። ሥሩን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሬ አቃቂ ወንዝ ዳር ጣልኩት። እትዬ ብርቄ ሲመጡ «ጨርቅ ነው የወጣው» አልኳቸው።

አማተቡ። «እፎይ! ጨክኜባት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ።»

ያን ቀን እንኳ ለምን አልተናገርኩም? ለኪው አልመጣማ! ከተናገርኩ ዛፉ ይቆረጣል፣ ዛፉ ከተቆረጠ የገፋኋት እርምጃ ትቀርብኛለች። ለኪው በኋላ መጣ፤ ሜትሩን እስከ ባህር ዛፉ ዘረጋና ጻፈ። ዛሬ በዚያች እርምጃ መሬት ላይ ያለው ባዶ የዶሮ ቤት ነው።

አሁን ሰላም ትልቅ ሰው ሆናለች። ቃሊቲ ሰው ግቢ ተከራይታ ትኖራለች፣ በቅርቡም ወለደች። ላርሳት ሄጄ የሕፃኑን ጨርቅ ላጥብ ወደ ጓሮ ስዞር፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ አዲስ የባህር ዛፍ ችግኝ በእንጨት ተደግፎ አየሁ። አከራይዋን ጠርቼ «እባክሽ ይህን ንቀይና ወዲያ ራቅ አድርጊው፤ እዚህ ላይ ሣር ነው የሚሆነው» አልኳት።

«እማማ የዛፍ ሐኪም ነዎት እንዴ? በምን አወቁ?»

«ሰው ሲል ሰምቼ» አልኩ። አሁንም ዋሸሁ! ችግኙ እስካሁን እዚያው ቆሟል። ሰማይ በጠቆረ ቁጥር፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ ልጄን አስወጧት እያልኩ እደነግጣለሁ። ግፌ በእሷ ደጃፍ እንዳይፈስ እፈራለሁ። ነገ ሄጄ ለአከራይዋም ለልጄም በምን እንዳወቅሁ እነግራቸዋለሁ፤ ይህን የጻፍኩትም አፌ እንዳይመለስብኝ ነው።

እትዬ ብርቄ ጨርቅ ነው እንዳሉ አረፉ። ዘነበችን በእስር ቤቱ በር ሻይ ሻጮቹን ሁሉ ጠይቄ አጣኋት። ዛፎቹን ቆረጥኩ፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣሉ፣ እንደገና እቆርጣለሁ።

ዘነበች፣ አላውቅም ነበር ብዬ አላመካኝም። ጨርቅ ይዘሽ ሽንት ቤት ስትገቢ ማየቴ እውነት ነው፤ እዚያ ባለው ቧንቧ ልታጥቢው ነበር። ታጥቦ ነጥቶ ሲሰጣም በየጠዋቱ አይቻለሁ። ገመዱ የታሰረው በእኔ ባህር ዛፍ ላይ ነበር። ፈቃድ ጠይቀሽኝ «እሰሪ» ያልኩሽ እኔ ነኝ።