የእህቴ አንገት

እህቴ እንቅርት ነበረባት። ከቡሬ ወዲህ ባለው ገጠራችን እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ በየቤቱ አንድ አይጠፋም። የእሷ ግን ገና ሳትዳር መጣባት። ሃያ ዓመት ሲሞላት አንድም ጠያቂ አልነበራትም። እኔ በሁለት ዓመት አንሳታለሁ። ታላቅ ቤት ተቀምጣ ታናሽ አትወጣምና እኔም አብሬያት ቀረሁ። እኩዮቼ ልጅ አዝለው ገበያ ሲወጡ ባየሁ ቁጥር ቤት ገብቼ የእሷን አንገት አፈጥበት ነበር።

እናታችን አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱን ብቻዋን የያዘች፣ ስታለቅስ አይቻት የማላውቅ ሴት ናት። ለእንቅርቱ ያልሞከረችው የለም። ጠበል ወስዳ ሰባት ቀን አስጠመቀቻት። ዋግምት የሚያወጣ ሰውም አስመጣች፤ ሰውዬው ማጅራቷን በምላጭ በጣጥቶ፣ ቀንድ ደፍቶ፣ አየሩን በአፉ ስቦ ሁለት ቀንድ ሙሉ ጥቁር ደም አፈሰሰ። እህቴ ሳምንት ሙሉ ስትነሳ እያዞራት ግድግዳ ትይዝ ነበር። እንቅርቱ እንዳለ ነው።

በዚያ ዓመት፣ መስከረም እንደ ጠባ፣ ከፍኖተ ሰላም ማዶ ያሉ ደህና ሰዎች ለልጃቸው ታላቋን ሊጠይቁ አስበዋል የሚል ወሬ መጣ። አስቀድማ የልጁ አክስት መጥታ ታያታለች ተባለ። እናቴ በማግስቱ ቡሬ ሄዳ ነቃሽ ይዛ ተመለሰች።

ነቃሿ እጇ ለስላሳ፣ አፏ ክፉ ሴት ነበረች። የእህቴን አንገት እንደሚሸጥ በግ ዳብሳ፣

«ንቅሳት ለዚህ መድኃኒትም ጌጥም ነው» አለች። «ይሟሽሻል። ባይሟሽሽም ሰው ጌጡን እንጂ እብጠቱን አያይም።»

የኩራዝ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ለወሰች። ሦስት መርፌ በክር አንድ ላይ አሰረች። እህቴን በጀርባዋ አስተኛናት። አክስታችን እግሯ ላይ ተቀመጠች፣ እናቴ እጆቿን ያዘች፣ እኔ ጭንቅላቷን በጉልበቶቼ መሀል አጣብቄ ያዝኩ። ነቃሿ መውጋት ጀመረች። ደሙን በጨርቅ ትጠርጋለች፣ ጥላሸቱን ታሻለች፣ ደግሞ ትወጋለች። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር።

«ሰፊ አንገት ደግ ነው» አለች እየሳቀች፤ «ጌጡ እንደ ልብ ይዘረጋበታል።»

በሦስተኛው ዙር እህቴ ዓይኗን ወደ እኔ ገልብጣ፣ «ልቀቂኝ እህቴ፣ ትንፋሽ አጣሁ» አለችኝ።

መልቀቅ እችል ነበር። ጉልበቴን ይበልጥ አጠበቅሁ። ዙሩ አምስት ሆኖ ሲያልቅ ቀሚሴ በደሟና በምራቋ ርሶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንገቷ መገለ። እብጠቱ መንጋጋዋን አልፎ እስከ ጆሮዋ ወጣ፤ ሽታው ከጓዳ አልፎ ደጅ ድረስ ይሰማ ነበር። ነቃሿ ተጠርታ መጣችና በር ላይ ቆማ አየቻት። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏችኋል ይኸ ነው» ብላ ስቃ ተመለሰች። እናቴ ቅቤ አንጥራ ትቀባታለች፣ «አንቺ ነሽ ያልታደልሽ» እያለች ትረግማታለች።

የልጁ አክስት የመጣችው እህቴ ትኩሳት ይዟት ጓዳ በተኛችበት ቀን ነው። ከሩቅ ስትመጣ ያየኋት እኔ ነኝ። ማንም ሳያዘኝ ሮጬ ገባሁ፤ ለእህቴ ለዚያ ቀን የተሰፋላትን ጥልፍ ቀሚስ ለበስኩ፣ ዓይኔን ተኳልኩ፣ ወጥቼ ለእንግዳዋ የእጅ ውሃ ያዝኩላት። ሴትዮዋ እጇን እየታጠበች እኔን ታጠናለች። ከዚያ አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ።

«የሰው ወሬ!» አለች ለእናቴ። «እንቅርት አለባት ብለውን ነበር እኮ። ይኸ የብርሌ አንገት አይደለም እንዴ?» ወደ እኔ ዞረች። «ታላቋ አንቺ ነሽ?»

እናቴ ጠላ እየቀዳች ነበር። እጇ ቆመ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«እህት አለሽ ብለውኝ?»

«ታናሼ ናት። ታማ ተኝታለች።»

እናቴ አየችኝ። ከዚያ ጠላውን መቅዳቷን ቀጠለች። የጓዳው ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ከወዲያ ማዶ እህቴ ስታቃስት ይሰማ ነበር። ቃሉን ከተናገርኩ በኋላ ግን ማቃሰቷ ጸጥ አለ።

ትኩሳቱ ሲለቃት የሠርጌ ቀን ተቆርጦ ነበር። አንገቷ ላይ አምስቱ ዙር ንቅሳት እንደ ገመድ ጎልቶ ወጥቷል፤ እንቅርቱም ከሥሩ እንዳለ አለ። «ለሴትዮዋ ማነው የመለሰላት?» ብላ ጠየቀችኝ። «እማ ናት» አልኩ።

ለሠርጉ እጅና እግሬን እንሶስላ የምታስረኝ እሷ እንድትሆን ራሷ ጠየቀች። ፈርቼ ነበር። እሷ ግን የተወቀጠውን እንሶስላ ጣት በጣት አዳርሳ፣ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ አሰረችልኝ። ሴቶቹ እየዘፈኑ ነው። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣

«በደንብ ይቅላልሽ። የሰው የያዘ እጅ ሲቀላ ያምርበታል» አለችኝ።

እኔ ከተዳርኩ በኋላ ከቤት ጠፋች። ከብዙ ዓመት በኋላ ፍኖተ ሰላም እንዳለች ሰማሁና ልጄን አዝዬ ሄድኩ። ከመንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል የብረት ማበጠሪያ በከሰል እያጋለች የአስተማሪዎችንና የጸሐፊዎችን ፀጉር ትተኩሳለች። አንገቷን በሻሽ ጠምጥማለች። ስታየኝ አልደነገጠችም። የምትተኮሰው ሴት «ማናት?» ብትላት፣ «ያገሬ ሰው ናት» አለች።

ሴትዮዋ ስትሄድ ወንበሩን አሳየችኝ። ተቀመጥኩ። ቅባት ቀባችኝና ብረቱን አነሳች። ሙቀቱ ጆሮዬ ሥር ሲደርስ ያን ጊዜ ተናገርኩ።

«እማ አይደለችም የመለሰችው። እኔ ነኝ።»

ብረቱን ቀስ ብላ በፀጉሬ ሳበችው። «አውቃለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ነበርኩ። ድምፅሽን አላውቀውም?»

«ታዲያ ስትጠይቂኝ ለምን...»

«ትዋሺኝ እንደሆን ልይ ብዬ ነው። ባል ወሰድሽ፣ ይሁን፤ የሚወስደኝ አልነበረም። ጭንቅላቴን ስትይዢ ግን ዓይንሽን አይቼዋለሁ። ደስ ብሎሽ ነበር።»

እውነቷን ነበር። ፀጉሬን እስከ መጨረሻው አንድም ቦታ ሳታቃጥለኝ ተኩሳ ጨረሰች። መስታወት ሰጠችኝ። ፀጉሬ አምሯል። ልጄን አንድም ጊዜ አላየችውም።

«ከእንግዲህ እንዳትመጪብኝ» አለችና የሚቀጥለውን ብረት ከሰሉ ላይ ጣለች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቴም ከሩቅ እያየችኝ በሩን ዘጋችው። አራተኛውን አልሞከርኩም።