መሠረት ከማንጎው ሥር የቆመች ዕለት

ማንጎ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዱብ ሲል በሰማሁ ቁጥር ያ ከሰዓት በኋላ ይመጣብኛል። የባለቤቴ የአበራ አጎት አባባ ዋዳ፣ ከደጋው ከጨንቻ ወርደው የሰፈራችንን የሲቀላን ሙቀት ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ፣ የሰላም ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከዛፉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አበራ ከቀኛቸው ነው። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ግድግዳውን ተደግፋ አግዳሚው ላይ፣ እኔ ማድ ቤቱ በር ላይ፣ የሰባት ዓመቷ ልጃችን መሠረት ደግሞ ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ። የተሰበሰብነው ልጅቷ ትንተባተባለች ተብሎ ከምላሷ ሥር ያለው ክር ይቆረጥ ወይስ ይቅር የሚለውን ለመወሰን ነበር። ጊዜው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው።

መሠረት አፏን የፈታችው በጊዜዋ ነበር። አራት ዓመት ሲሞላት ግን ቃሉ አፏ ላይ እየደረሰ ይቆም ጀመር፤ ከሁሉም የራሷ ስም ይብስባት ነበር። ሰፈሩ ምክንያት አላጣም፤ አንዱ በሕፃንነቷ ደንግጣ ነው ሲል፣ ሌላው በግራ እጇ ስትበላ ስለተቆጣናት ነው ይል ነበር፤ እትዬ ዘነበች ደግሞ ምላሷ ታስሮ ነው ባይ ነበረች። የአበራ አባት እስኪሞቱ ድረስ ይንተባተቡ እንደነበር ግን ማንም አላነሣም፤ ምናልባት ሰዉ ሁሉ ስለለመዳቸው ይሆናል።

በመስከረም ለትምህርት ላስመዘግባት ወሰድኳት። አስተማሪው ስሟን ጠየቃት። «መ… መ… መ…» እያለች ስትታገል፣ ከኋላችን የተሰለፉት ልጆች መሣቅ ጀመሩና እሱ እስክርቢቶውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረኝ። «እናት፣ ይቺ ልጅ አካል ጉዳተኛ ናት። እዚህ ከምትሳቀቅ አሳክመዋት በሚቀጥለው ዓመት ይምጡ» አለኝ። እጇን ይዤ፣ ከሣቁ እየራቅን ወደ ቤት ተመለስን።

ጥቅምትና ኅዳር በየሐኪሙ ደጅ አለፉ። ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች አንዲት ወጣት ነርስ ብቻ ጊዜ ወስዳ አነጋገረችን። ምላሷን አንሥታ አየችና ምንም አልታሰረም አለች፤ ነገሩ በዘር እንደሚሄድ፣ ከድንጋጤም ከስንፍናም እንደማይመጣ፣ ዋና መነሻው ምን እንደሆነ ግን ሐኪሞችም ገና ተመራምረው እንዳልጨረሱት አልደበቀችንም። «ታዲያ አካል ጉዳተኛ ናት?» ብዬ ስጠይቃት፣ «እሱ አብሯት በሚኖረው ሰውም ይወሰናል» አለችኝ። ይህንን ለእትዬ ዘነበች ስነግራት፣ «እሷ ምን ታውቃለች፣ ገና አልወለደች» ብላ ጨረሰችው።

የበልጉ ዝናብ አልፎ ማንጎው መብሰል ሲጀምር እትዬ ዘነበች ክር የሚቆርጥ ሰው አገኘች፤ በሳምንቱ ሊመጣም ቀጠሮ ያዘ። አበራ ልጃችንን ትምህርት ቤት ለማስገባት ያልሞከረው ስላልነበረ ልቡ ወደዚያው አዘነበለ። እኔ አልፈልግም አልኩ። ሳንስማማ ስንቀር አጎቱ ይምጡ ተባለ።

አባባ ዋዳ ነገር የሚያዩት በደጋው ወግ ነበር። እዚያ ዱቡሻ በሚሉት የሸንጎ ሜዳ ላይ፣ ተናጋሪ ብድግ ካለ ተናግሮ እስኪቀመጥ ማንም አያቋርጠውም፤ እንኳን ወዳጁ ባላጋራውም ይጠብቃል። ሸንጎውን መርቀው ከፈቱና አበራ ቆሞ ተናገረ፣ እኔም በአጭሩ ተናገርኩ። ቀጥላ እትዬ ዘነበች ተነሣች።

«ክሯን ብጥስ ቢያደርጉላት እኮ ነገ እንደ ሬዲዮ ነው የምትለቀው» አለች።

«እንደ ሬዲዮ ከሆነች ማን ያጠፋታል?» አሉ አባባ ዋዳ፣ እሷ ከተቀመጠች በኋላ።

ይህን ጊዜ ቀሚሴ ተለቀቀ። መሠረት አልፋኝ ሄዳ ከማንጎው ሥር፣ ሁላችንም ስንናገር የቆምንበት ቦታ ላይ ቆመች። በሸንጎ ልጅ እንደማይናገር የነገራት ሰው አልነበረም።

«እ… እ… እኔ… አ… አል…»

«አልፈልግም ልትል ነው» አለች እትዬ ዘነበች።

«ዘነበች፣ ልጅቷ ቆማለች» አሉ አባባ ዋዳ።

«ልጅ እኮ ናት፣ አባባ» አለ አበራ።

«ቆማለች አልኩ» አሉና ሣሩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቁ።

እኛም ጠበቅን። አፏ ይከፈታል፣ አንገቷ ይገተራል፣ ቃሉ ይመለሳል፤ ደግማ ትጀምራለች። እትዬ ዘነበች ቃሉን ልትጨርስላት እየፈለገች የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ያዘች።

«ስ… ስዘፍን አይይዘኝም» አለች መሠረት በመጨረሻ። «ከ… ከዶሮዎቹ ጋር ሳወራም አይይዘኝም። ያ… ያው ምላሴ ነው። ለ… ለምን ይቆረጣል?»

ይህን ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ መቀመጥ እንዳለባት ከእኛ አይታለች።

አባባ ዋዳ አበራን አዩት። «ዶሮዎቹ አያቋርጧትም» አሉ። «ቆራጩ አይምጣ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ እሷ ስትጀምር ሰው ይጠብቅ። ዘነበች፣ አንቺም።»

«እኔማ ነጠላዬን በላሁት» አለች እትዬ ዘነበች፣ ሁላችንም ሣቅን፤ መሠረትም ሣቀች።

በሚቀጥለው መስከረም አበራ ራሱ ወሰዳት። ከአስተማሪው ጋር ምን እንደተነጋገሩ ዝርዝሩን አልነገረኝም፤ ስሟን ራሷ ተናግራ እንደጨረሰች፣ ሰውዬውም እንደጠበቃት ብቻ ነገረኝ።

አባባ ዋዳም እትዬ ዘነበችም ዛሬ በሕይወት የሉም፣ ሁለቱንም በምስጋና አነሣቸዋለሁ። መሠረት ገረሴ ከተማ ውስጥ ታስተምራለች፤ ዛሬም ትንተባተባለች። ዱሮ ሰፈሩ መንስኤውን ይፈልግ ነበር፤ አሁን ሰው የሚጠይቀኝ በሕግ አካል ጉዳተኛ ትባላለች ወይ ብሎ ነው። ባለፈው ስትመጣ እኔም እሷኑ ጠየቅኋት። መልሱን ለማውጣት ጊዜ ወሰደባት፣ ቡናዬ እስኪበርድ ጠበቅኋት።

«ስ… ስልክ ሳነሣ አዎ» አለችኝ። «ክ… ክፍል ውስጥ አይደለሁም፤ ተ… ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል።»

ከዚያ ሰዓቷን አየች፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ መናኸሪያው ሄደች።