ዓሣ የማይበላበት ቤት

ኦስቲያ ባሕር ዳር፣ ጣሊያናዊቷ የሥራ ባልደረባዬ የተጠበሰ ዓሣ ገዝታ ከፊቴ ስታስቀምጠው ሽታው ልጅነቴን ቀሰቀሰብኝ።

ያኔ እዚሁ ጣሊያን፣ ቲቡርቲና በሚባል ሰፈር ስንኖር፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ አንድ የትሪፖሊ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ እሑድ እማዬ ምሳ ጠራቻቸው። በአገራችን ደንብ የክርስቲያን ሥጋ ለሙስሊም አይቀርብምና፣ አስባ ተጨንቃ ዓሣ ጠበሰችላቸው። ሽማግሌው ግን ዳቦና ሰላጣ ብቻ በሉ።

«ምነው፣ አልጣመዎትም?» አለች እማዬ ደንግጣ።

«ይቅር በይኝ ልጄ። ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ አያቴን አስሮ በመርከብ ወደ ደሴት ወሰደው። መንገድ ላይ የሞተውን ባሕር ውስጥ ይጥሉት ነበር አሉ። እሱ ደሴቱ ደርሶ እንደሆን፣ ባሕር ገብቶ እንደሆን የነገረን የለም። ስለዚህ በእኛ ቤት ዓሣ አይበላም።»

ይህን ሁሉ የነገሩን ጥርት ባለ ጣሊያንኛ ነው። ሌላ የሚያግባባን ቋንቋ ከየት ይምጣ!

እማዬ ሳህኑን አነሳች። እኔ ግን በልቤ፣ «ታዲያ ዓሣው ምን አደረገ?» አልኩ።

ካቻምና የአክስቴ ልጅ ከዚያው ከትሪፖሊ ደወለልን፤ ወደዚህ የሚመጣ ጀልባ ሊሳፈር ነበር። ድሮ ሰው አስረው ያመጡበትን ባሕር፣ ዛሬ ለምኖም መሻገር አይቻልም። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም።

ሳህኑን ገፋ አደረግሁት።

«አሎራ፣ ታዲያ ጾም ላይ ነሽ?» አለችኝ ባልደረባዬ።

«አዎ።»

«መቼ ነው የሚፈታው?»

ባሕሩን እያየሁ የአክስቴን ልጅ ቁጥር እንደገና ደወልኩ።